የእርቅ ደብተሬ ያጋለጠኝ ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ጤፉ ተወቅቶ፣ ጭዱ ተከምሮ፣ ሰው ሁሉ ለስብሰባ የሚሆን ጊዜ ባገኘበት ወራት። ያልረሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እስክርቢቶ ይዤ ከታየሁ የቀበሌያችን ወንድ ሁሉ መንገድ ይቀይራል። ሁለተኛውን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብናገረው እንደኔ ያለ ሰነፍ አንባቢ ቀሪውን አያነብም።

ስሜ ይመር ነው። ከመካነ ሰላም ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ቀበሌ የምኖር ገበሬ ነኝ። ዕድሜህ ስንት ነው ስባል ሰባ ሁለት እላለሁ፤ ባለቤቴ በላይነሽ ሰባ ስድስት ትላለች። ቁመቴ አጭር፣ ጥርሴ ጥቂት፣ ወሬዬ ግን ሙሉ ነው።

በአገሬው ዘንድ የምታወቀው በአስታራቂነቴ ነው። ሚስት ተደብድባ፣ አኩርፋ ወላጆቿ ቤት ስትገባ፣ ባል ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌ ከተላከ እኔ አለሁበት። ለዚህም "መርፌው" ይሉኛል፤ የተቀደደ ትዳር ሰፊ ማለት ነው። ስሙን እወደው ነበር። በላይነሽ "ደቃቃነትህን አይተው ነው ያወጡልህ" ብትለኝም አላመንኳትም።

ከሌሎቹ ሽማግሌዎች የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ እጽፋለሁ። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረኝ፤ እያንዳንዱን እርቅ እመዘግብበታለሁ። ማን፣ ማንን፣ በምን፣ የቱ ጋ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በተንኮል አልነበረም። አስታርቀን በሳምንቱ ባልዬው "እኔ እኮ ዱላ አላነሣሁም፤ ገፋ ነው ያደረግኳት" እያለ ነገር ስለሚያድስብን ነው። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው አሰፍርና ከግርጌው ሁለቱም አውራ ጣታቸውን እንዲያሳርፉ አደርጋለሁ። የማኅተም ቀለም የለኝም። በእስክርቢቶዬ ጣታቸውን ሰማያዊ እስኪሆን እፈትገዋለሁ።

እያንዳንዱ ገጽ የሚያልቀው በአንዲት ቃል ነው፤ "ታርቀዋል።" ይህችን ቃል ስጽፍ እጄን ጫን፣ ፊደሉን ደመቅ አደርገው ነበር።

በዚያ ወራት ከወረዳ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ መጣች። ሶፊያ ትባላለች፤ የወረኢሉ ልጅ ናት። ቀበሌውን ሰበሰበችና አዲሱን አሠራር አስረዳች። ከእንግዲህ ሴትና ሕፃን ላይ ጥቃት ሲደርስ በሽማግሌ ተሸፋፍኖ አይቀርም፤ ለሕግ ይቀርባል። ያየ ይመሰክራል፣ የደበቀ ይጠየቃል። በየቀበሌው የጥቃት መከላከያ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ በየወሩም ሪፖርት ይላካል።

የእኛ ሰው ገና "ጥቃት" የምትለዋ ቃል ላይ ተሰናከለ። በእኛ ዘንድ ጥቃት የወንድ ነገር ነው። ድንበሩ የተገፋበት፣ ሰው ፊት የተዋረደ ወንድ ነው "ተጠቃሁ" የሚለው። ስለዚህ ሶፊያ "ጥቃት የደረሰበት ካለ ይናገር" ስትል እጁን ያወጣው ሁሉ ባለ ጋቢ ሆነ።

አንዱ ጎረቤቴ ተነሣ።

"እኔ ጥቃት ደርሶብኛል። ሚስቴን ውኃ አምጪ ብላት 'እጅህ ተቆርጧል ወይ?' አለችኝ፤ ልጆቼ ፊት! መንግሥት ለዚህ ምን አስቧል?"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ አልዋሽም።

ሶፊያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ "አብሽር ወንድሜ፤ እጅህ ግን አልተቆረጠም አይደል?" ብትለው፣ በሴቶቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሰይድ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጽ ሲሞላ ዜሮ ይወዳል እንጂ። የተደበደበች፣ ዜሮ። የተደፈረች፣ ዜሮ። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች፣ ዜሮ። ዜሮዎቹ ተደርድረው ሲታዩ ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ይመስላሉ፤ ምን እንደሚፈለፈል ግን ሰብሮ ያየ የለም። "ጎረቤታችን መካነ ሰላም፣ ስሟ ራሱ የሰላም ቦታ! እኛ ዘንድ ጥቃት በየት በኩል ይገባል?" ይላል። በዚህ ሒሳብ ቀበሌያችን "ከጥቃት ነጻ" ተብላ የምስክር ወረቀት ልትቀበል ቀን ተቆረጠ።

ኮሚቴውም ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መርፌው። ብርቱካንማ ሰደርያ ተሰጠኝ፤ ለጎረምሳ የተሰፋ ስለሆነ ጉልበቴ ድረስ ይደርሳል። ጀርባው ላይ "ጥቃትን እንከላከል" ተብሎ ተጽፎበታል። ለብሼው ቤት ስገባ በላይነሽ ዞር አድርጋ አየችኝ።

"አንተ እንዳታነበው ነው ከኋላ የጻፉልህ" አለች።

በዚያው ሳምንት አበባው ቤቴ መጣ። ስሙ አበባው ነው፤ እጁ ግን እሾህ። ሚስቱን የዝናን ሦስት ጊዜ መትቶ ሦስት ጊዜ አስታርቄዋለሁ፤ ዳግመኛ እንዳይመታትም ዋሱ እኔው ነበርኩ። አሁንም መደብ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት እያየ "ጋሼ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ በፍልጥ ብሰነዝር እጇ ተሰበረ። ወንድሟ ቤት ገብታለች። እባክዎ ያስታርቁኝ" አለኝ።

እኔ ቀልጣፋ ሰው ነኝ። ደብተሬን አውጥቼ እዚያው ያለውን ጻፍኩ፤ ጣቱንም ፈትጌ አሳረፍኩ። ነገ እሷ ዘንድ ስሄድ የሷን ጣት ብቻ ልጨምር ቦታ ተውኩላት። ጊዜ ለመቆጠብም ብዬ "ታርቀዋል" የምትለዋን አስቀድሜ ጻፍኳት።

በማግስቱ ሰደርያዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። የዝና ግራ እጇ በጨርቅ ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ተቀመጡ እንኳ አላለችኝም።

"ጋሽ ይመር፣ ጀርባዎ ላይ ምን ይላል?"

"ጥቃትን እንከላከል።"

"እስቲ አበባውም እንዲያነበው ዞር ይበሉለት።"

ሳል መጣብኝ። ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ቤት ገመና የለመድኩትን ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

"መርፌው ይሉዎታል። መርፌ ሲሰፋ እኮ ይወጋል። ሦስት ጊዜ ሰፉኝ፤ የተወጋው የኔ ገላ ነው። ለአራተኛው ቆዳ የለኝም።"

ለፖሊስ አመልክታ ነበር። ጤና ጣቢያው እጇ መሰበሩን ጽፎ ሰጥቷታል። አበባው ግን ፖሊስ ዘንድ ሲጠየቅ "እህል ልታወርድ ወጥታ ከቆጥ ወደቀች" ብሏል። ጎረቤት ሁሉ ጩኸቷን ሰምቷል፤ ሲጠየቅ ግን ደንቁሯል። ወንድሟ በር ድረስ ሲሸኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምስክር ካልተገኘ መዝገቡ ይዘጋል ብለውናል። ከተዘጋ እመልሳታለሁ፤ ቤቴ ጠባብ ነው" አለኝ። የዝና ወደ አበባው ቤት መመለስና አለመመለሷ የተንጠለጠለው በአንድ ምስክር ነበር።

እዚህ ላይ "ምስክሩማ እኔ ነኝ" ብዬ የተነሣሁ መስሏችሁ ከሆነ ገና አላወቃችሁኝም። እኔን ያንገበገበኝ ስፌቴን ማናናቋ ነበር። አርባ ዓመት ያቆምኩት ትዳር! እንግዲያው የምስክር ወረቀቱ በሚሰጥበት ቀን ደብተሬን ይዤ ሕዝብ ፊት እቆማለሁ አልኩ። የሰይድ ዜሮ ደረቅ ነው፤ ያ ሰላም እንዴት እንደመጣ ዝርዝሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው። ሽልማት አይጠፋም፤ ቢያንስ ጃንጥላ።

ለበላይነሽ ነገርኳት። እጇን ከሥራዋ ሳታነሣ "ደብተሩን አንብበኸው ታውቃለህ?" አለችኝ።

"የጻፍኩት እኔ! ምን ማለትሽ ነው?"

"መጻፍና ማንበብ ይለያያል" አለች።

ቀኑ ደረሰ። ድንኳን ተተከለ፤ "ከጥቃት ነጻ ቀበሌ" የሚል ባነር ተሰቀለ። ከወረዳ እንግዶች መጡ፤ ሶፊያም አለች። ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ ተቀመጠ። ሰይድ ዜሮዎቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ በያንዳንዱ ይጨበጨባል። ወረቀቱ ሊሰጥ ሲል እጄን አወጣሁ።

ሰደርያዬን ሳብ አድርጌ መድረኩ ላይ ወጣሁና "ክቡራን እንግዶች፣ ዜሮ ዝም ብሎ አልመጣም፤ በልፋት ነው" ብዬ ደብተሬን ገለጥኩ። የቅርቡ ጽሑፍ ስለሚጠራልኝ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ።

"አበባው ሚስቱን የዝናን በፍልጥ መትቶ ግራ እጇን ስለ ሰበረ፣ በሽማግሌ" ትንሽ ፋታ ወስጄ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ "ታርቀዋል!"

ጭብጨባ ጠበቅሁ።

ሶፊያ ከወንበሯ ተነሣች። "ይቆዩኝ አባባ። በፍልጥ ነው ያሉት? ከቆጥ አልነበር እንዴ የወደቀችው?"

ያኔ ነው ያነበብኩትን የሰማሁት። ከወንዶቹ መሐል አበባው ጋቢውን እየሰበሰበ ሲነሣ አየሁት። የዝና ከሴቶቹ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ቀና አለች። ሰይድ ከኋላዬ ሰደርያዬን ይጎትታል፤ ሰደርያው ረጅም በመሆኑ ግን እኔን ሳይሆን ጨርቁን ብቻ ነው የሚያገኘው።

"ይቀጥሉ" አለች ሶፊያ።

ስፌቱን በሌላ ስፌት ላድነው ብዬ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ቀጠልኩ። "በምርኩዝ መትቶ ሁለት ጥርሷን ስላወለቀ፣ ታርቀዋል።" "ነፍሰ ጡር ሳለች በእርግጫ ስለመታት፣ ታርቀዋል።" በሄድኩ ቁጥር ሌሎች ስሞች ይመጣሉ፤ ስማቸው የተጠራ ወንዶች ሁሉ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ይስባሉ። ያ ውኃ ስላልመጣለት የተጠቃው ጎረቤቴ ሁለት ገጽ አለው። እጁ እንዳልተቆረጠ ከዚያ ይታወቃል።

ከዚያ አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፤ "የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ሊድር ሲል እናትየዋ እምቢ ስላለች ራሷን ፈንክቷት፣ ታርቀዋል። ሠርጉም በሰላም ተፈጸመ።"

"ልጅቷስ?" አለች ሶፊያ።

"ልጅቷማ... ከማንም አልተጣላችም።"

አሁንም ይህችን መልሴን ሳስታውስ ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

ሶፊያ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞራ "አቶ ሰይድ፣ ዜሮው ስንት ገጽ ነው?" አለችው። ሰይድ ባነሩን አየ።

እኔ በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ዘዴ ነበረችኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ደብተሩን ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁና "አመሰግናለሁ" አልኩ። ከሴቶቹ መሐል አንድ የማውቀው ድምፅ ተነሣ።

"አንቱ! አንድ ገጽ ቀረዎት እኮ!"

በላይነሽ ናት። በሃምሳ ዓመት ትዳራችን አንቱ የምትለኝ የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ ብቻ ነው። ደብተሩን መልሼ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ገጽ፣ በጎረምሳ እጄ የተጻፈው፣ እንዲህ ይላል፤ "እኔ ይመር ባለቤቴን በላይነሽን ወጥ አረረ ብዬ በጥፊ ስለመታሁ፣ ታርቀናል።"

ሶፊያ ቀረብ ብላ ገጹን አየችው። "የእርስዎ ፊርማ አለ። የእሳቸው ጣት የት አለ?"

"ያኔ እሷን አልጠየቅኳትም" አልኩ።

በላይነሽ ቆማ ለሕዝቡ ተናገረች። "መታረቃችንን የሰማሁት ዛሬ ነው። እንኳን ደስ ያለን!"

ሴቶቹ እልል አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እልልታ የከበደኝ የለም።

የምስክር ወረቀቱ ሳይሰጥ ተበተንን። ሶፊያ ደብተሩን ፈርማ ወሰደችው፤ ፖሊስ ጋ ደርሶም ወደ ፍርድ ቤት አለፈ። እኔም ምስክር ሆኜ መካነ ሰላም ተጠራሁ።

አበባው ከቆጥ ወደቀች ማለቱን አልተወም። ዳኛው ደብተሩን አሳዩትና "ይህ ጣት የአንተ ነው?" አሉት።

"ጣቱ የኔ ነው፤ ቃሉ የመርፌው ነው" አለ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ምያለሁና ከአፉ የሰማሁትን፣ መደብ ላይ ተቀምጦ ያለኝን፣ ፍልጥ ያለውንም ሁሉ ተናገርኩ። አበባው በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ዳኛው ገጹን ደግመው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

"ሴትየዋ አልፈረመችም። ያልታረቁትን ታርቀዋል ብለው ለምን ጻፉ?"

"ጊዜ ለመቆጠብ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሦስቱን ጊዜስ፣ ዳግመኛ እንዳይመታት ዋሱ እርስዎ ነበሩ። ሲመታት ምን አደረጉ?"

"እንደገና አስታረቅሁ።"

ማንም አልሳቀም። እኔ በሰው ፊት ተናግሬ ያልተሳቀበት ብርቅ ቀን ያ ነው።

አበባው ተፈርዶበት ታሰረ። ከወራት በኋላ ፍቺውም አለቀ፤ የዝና ድርሻዋን መሬትና አንዲት ክፍል ቤት አገኘች። ወንድሟ "ቤቴ ጠባብ ነው" ያለውን ረስቶ አሁን "እህቴ ባለ መሬት ናት" እያለ ይኮራል።

ቀበሌው ግን በኔ ተቆጥቷል። በሚቀጥለው ወር ቅጹ ላይ ዜሮ ሳይሆን ቁጥር ተጻፈ፤ ሴቶቹ መናገር ጀምረው ነበር። ሰይድ ይህን ይዞ በስብሰባ ላይ አስረዳ። "ደብተሩ ሳይነበብ ጥቃት አልነበረም። ደብተሩ ተነበበ፤ ጥቃት ጨመረ። እንግዲህ ጥቃቱን ማን አመጣው?" አለ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔም ሒሳቡ ገብቶኝ አንገቴን ደፋሁ። ባነሩን አንዱ ለጭድ መሸፈኛ ወስዶታል፤ "ከጥቃት ነጻ" የሚለው እስካሁን ከክምሩ ላይ ይነበባል። ጭዱስ እውነትም ነጻ ነው።

አሁን ያን ሁለተኛ ምክንያት ልንገራችሁ።

የዝና ቤቷን ከያዘች በኋላ ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። በላይነሽ "አብሬህ እሄዳለሁ" ስትለኝ ጠርጥሬ ነበር። ገብቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ይቅር በይኝ አልኩ። የዝና ዱቄት እየነፋች ነበር፤ ግራ እጇ አሁንም እስከ መጨረሻው አይዘረጋም።

"ይቅርታማ በቃል አይሆንም፤ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። ይጻፉት" አለች።

"ደብተሬ ፍርድ ቤት ነው" አልኩ፤ ያመለጥኩ መስሎኝ።

በላይነሽ ከነጠላዋ ጫፍ የታጠፈ ወረቀትና የራሴን እስክርቢቶ አወጣች። መክረውብኛል። ተቀመጥኩና የዝና እንደነገረችኝ ጻፍኩ። "እኔ ይመር፣ የተመታችን ሴት ወደመታት ሰው ቤት ሦስት ጊዜ ስለመለስኩ ጥፋተኛ ነኝ። ከእንግዲህ ማንንም ሴት እንዲህ ብመልስ መንግሥት ይፍረድብኝ።"

ከዚያ ልማዴ ነውና ያቺን ቃል ልጨምር እስክርቢቶዬን ጫን ሳደርግ፣ የዝና በደህናው እጇ እጄን ያዘችኝ።

"እሷን ይተዉልኝ። እውነት ስትሆን አይተን እንጽፋታለን።"

ቦታው ባዶ ቀረ። ከዚያ አውራ ጣቴን ተቀበለችኝና በእስክርቢቶው ትፈትገው ጀመር። ለካ ያማል! አርባ ዓመት የሰው ጣት ስፈትግ አንድም ሰው አልነገረኝም።

"ዋስስ?" አለች የዝና።

"እኔ ነኝ" አለች በላይነሽ። "ዋስ ስሆን ግን እንደሱ አይደለሁም።"

ወረቀቱ የዝና ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሰላም ለማለት አሳብቤ ገባ እልና ግርጌውን በጎን አየዋለሁ። አንዳንዴ ያሳፍረኛል፤ አንዳንዴ በራሴ ያስቀኛል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይደራረባሉ። ሽማግሌ ሁን ብለው ሲጠሩኝም መጀመሪያ የምጠይቀው "ተመትታለች?" ብዬ ነው። አዎ ካሉኝ የፖሊስ ጣቢያውን መንገድ አሳይቼ እመለሳለሁ።

ያቺን ቃል ስንት ዓመት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ስጽፋት ኖርኩ። አሁን ሌላ ሰው እስኪጽፋት ስጠብቅ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በላይነሽ ደግሞ "የኔ ወረፋ ከየዝና ቀጥሎ ነው" ብላኛለች።